ለስም የተተወ ቦታ

«ሰው አይሰረዝም።»

አባቴ ይህን ያሉኝ በ1996 ዓ.ም. ክረምት፣ ለዕድራችን የሠራሁትን የመዝገብ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳያቸው ነው። የዕድሩ ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ። የአባላቱን ስም፣ የየወሩን መዋጮ፣ የድንኳኑንና የአግዳሚ ወንበሩን ቁጥር ለዓመታት በእጃቸው የጻፉበት ትልቅ መዝገብ ጥግ ጥጉ ተበልቶ፣ ክሩ ላልቶ ነበር። እኔ የኮምፒውተር ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነበርኩ። የተማርኩት ነገር ለሰፈሬ ሰው ሲጠቅም ማየት ፈልጌ አባል መመዝገቢያውን፣ መዋጮ መቀበያውን፣ ቅጣት ማስሊያውን አንድ በአንድ ሠራሁ። አንድ አባል ሲሞት ስሙን ከከፋዮች ዝርዝር የሚያነሣውን ቁልፍ «ሰርዝ» አልኩት። ከትምህርት ቤት የለመድኩት ቃል ስለሆነ አላሰብኩበትም።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አነበቡና ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኛ ያረፈ ሰው አንሰርዝም። ከስሙ አጠገብ ቀኑን እንጽፋለን እንጂ ስሙ ከመዝገቡ አይወጣም። ባለቤቱ ነገ በእሱ ስም መክፈሏን ትቀጥላለች። ‹ያረፉ› በዪው» አሉኝ።

በዚያች ምሽት የለወጥኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። መዋጮውን የሚደምረውን፣ ቅጣቱን የሚያሰላውን ኮድ አልነካሁም። ቃላቱ ለብቻቸው የተቀመጡበትን ፋይል ከፈትኩ፣ ቃሉን ተካሁ፣ ሁለት ትእዛዝ ሰጠሁ፤ እራት ሳይቀርብ ፕሮግራሙ ተጠርዞ ወጣ። ያ ፋይል ሪሶርስ ፋይል ይባላል። ቃልን ከትእዛዝ ለይቶ የማስቀመጥ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ፣ ያንን የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ያለ ክፍያ እንዴት እኔ ቤት እንደ ደረሰ ልንገራችሁ። የባሕር ማዶውን ታሪክ በእነሱው የዘመን አቆጣጠር፣ የቤቴን በእኛ እጠራለሁ።

ለአባቴ ነገሩን ሳስረዳቸው ብዙ አልደከምኩም። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩና ወዲያው ከሚያውቁት ጋር አገናኙት። «ቁም ጸሐፊ እንደሚያደርገው ነው» አሉ። ቁም ጸሐፊ የጸሎት መጽሐፍ ብራና ላይ ሲገለብጥ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ስፍራ ባዶ ትቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ያልቃል። መጽሐፉ ባለቤት ሲያገኝ ስሙ በተተወለት ቦታ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም። መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የፊተኛው ስም በስለት ይፋቅና የአዲሱ ይጻፋል። ብራና ትዕግሥተኛ ስለሆነ የተፋቀው ስም ጥላ ከአዲሱ ሥር ይታያል። ጸሎቱ ግን አንድ ፊደል አይለወጥም፤ ስም ለመቀየር ሲባል መጽሐፉን እንደገና የሚገለብጥ የለም።

በኮምፒውተር ዓለም ግን ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር የሚደረገው። ሰው የሚያነበው መልእክት ሁሉ በትእዛዙ መካከል ተሰንቅሮ ይጻፍ ነበር። ከአንድ የመደመር ትእዛዝ ቀጥሎ «ስምህን አስገባ» የሚል ቃል፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ትእዛዝ ይመጣል። ቃሉን በሌላ ቋንቋ መተካት የፈለገ ሙሉውን ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈውን ጽሑፍ ማግኘት፣ ውስጡን መፈተሽ፣ ሁሉንም እንደገና ወደ ማሽን ትእዛዝ መመለስ፣ ኮምፓይል ማድረግ ነበረበት። ሶርስ ኮዱ ደግሞ በባለቤቱ እጅ የተቆለፈ ነበር።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ይህን ልማድ በግልጽ የሰበረው ማኪንቶሽ ነው። ማሽኑ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1984 ነበር። ብሩስ ሆርን የተባለ ወጣት፣ ገና በአፍላ ዕድሜው በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ከስሞልቶክ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪዎች ጋር የሠራ፣ ወደ አፕል መጥቶ ሪሶርስ ማኔጀር የተባለውን ክፍል ጻፈ። ከጀርባው ሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ጥበት ነው። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ጠቅላላ የመሥሪያ ማስታወሻው 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንዲት የስልክ ፎቶግራፍ እንኳ አትገባበትም። ስለዚህ አንድ ሥዕል ወይም አንድ ሜኑ የሚጫነው ሲፈለግ ብቻ ነው፤ ሲበቃ ቦታውን ይለቃል። ሁለተኛው ምክንያት ትርጉም ነው። ማሽኑ በሌሎች አገሮችም ሊሸጥ ነውና ፈረንሳዊው ወይም ጃፓናዊው ተርጓሚ ፕሮግራመር ሳይሆን ቃላቱ ላይ የሚደርስበት መንገድ መኖር ነበረበት።

መፍትሔው ለአንድ ፋይል ሁለት ክፍል መስጠት ሆነ፤ አንዱ ለመረጃው፣ ሌላው ለሪሶርሱ። እያንዳንዱ ሪሶርስ ዓይነቱን የሚናገር ባለ አራት ፊደል ምልክትና አንድ ቁጥር አለው። ሜኑ፣ ጥያቄ ይዞ ብቅ የሚለው መስኮት፣ ትንሿ ሥዕል፣ የቃላት ዝርዝር ሁሉም በየዓይነታቸው ይደረደራሉ። የማሽን ትእዛዙ ራሱ ሳይቀር ከሪሶርሶቹ እንደ አንዱ ዓይነት ተቆጠረ። ሬስኤዲት የተባለ መሣሪያ ተከትሎ መጣና ኮድ የማያውቅ ሰው የተጠናቀቀ ፕሮግራም ከፍቶ በውስጡ ያለውን ቃል እንዲለውጥ አስቻለው። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ፕሮግራም የጻፈው ሰው ብቻ የነበረው ሥልጣን ለቃል አዋቂው ተከፈለ።

ዊንዶውስ 1.0 እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1985 ሲወጣ ያንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ ይዞት መጣ። እዚህ ሪሶርሱ መጀመሪያ የሚጻፈው በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ አር ሲ የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉት። ሜኑው ከነዝርዝሩ፣ መስኮቱ ከነስፋቱና ከነቁመቱ፣ የቃላቱ ሠንጠረዥ ከነቁጥሩ፣ የአይከኑ ፋይል ስም፣ የአቋራጭ ቁልፎቹ ዝርዝር በዚያ ይሰፍራል። ሪሶርስ ኮምፓይለሩ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ማሽን ቅርጽ ይመልሰዋል፤ ቀጥሎም ከፕሮግራሙ ጋር ይጠረዛል። ፕሮግራሙ ራሱ ቃሉን አያውቀውም። «101ኛውን ቃል ስጠኝ» ይላል፣ ሥርዓቱ ያመጣለታል።

አቀማመጡን ያየሁ ጊዜ የመጽሐፍ ጥራዝ ነው የታየኝ። ቃላቱ በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ይጠቀለላሉ። 101ን ለ16 ሲያካፍሉት ስድስት ሙሉ ጥቅል ያልፋል፤ ስለዚህ ቃሉ የሚገኘው በሰባተኛው ጥቅል ነው። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ርዝመቱ ተጽፏል። ቃል ያልተሰጠው ቁጥር እንኳ አይዘለልም፤ ዜሮ ርዝመት ተጽፎለት ቦታው ተጠብቆ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ዊንዶውስ ኤንቲ ሲመጣ ይህ ቤት ተስፋፋ። ሪሶርሱ በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ የራሱ ክፍል ተሰጠው፤ በውስጡም ባለ ሦስት ደረጃ ዛፍ ሆነ። በመጀመሪያው ደረጃ ዓይነቱ፣ በሁለተኛው ቁጥሩ፣ በሦስተኛው ቋንቋው አለ። አንዱ 101ኛ ቃል በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ፣ በጃፓንኛ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ቃላቱም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠውና እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት በሚይዝበት በዩኒኮድ ተቀመጡ። ለየቋንቋው ቁጥር የመስጠቱ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ አማርኛ 94 ተባለ፤ ከአገር ምልክቱ ጋር ተደምሮ የኢትዮጵያ አማርኛ 1118 ነው። ኤንቲ በወጣበት ዓመት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልገባም ነበር። ቤቱ ግን ተሠርቷል፤ ስሙ የሚገባበት ቦታ ተትቷል።

ያ ቦታ ቢኖርም መጻፊያው ብዕር በገንዘብ የሚገዛ ነበር። በ1990ዎቹ ሪሶርስ ኮምፓይለሩ የሚገኘው ከፕሮግራም መሥሪያ ጥቅሎች ጋር ሲሆን እነዚህ ጥቅሎች በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። የአንድ ተማሪ ቤተሰብ ያንን ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ ነፃው ሶፍትዌር ታሪክ መሻገር አለብን።

ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር ግኑ የተባለውን ሥራ ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ሶፍትዌር ማንም የሚያነበው፣ የሚያሻሽለው፣ የሚያካፍለው መሆን አለበት የሚል እምነት ነበረው። የግኑ ሲ ኮምፓይለር በ1987 ወጣ። ከኮምፓይለሩ ጋር ቁርጥራጮቹን አንድ አድርጎ የሚጠርዘው ሊንከርና ሌሎች አነስተኛ መሣሪያዎች አሉ፤ ጥቅሉ ባይንዩቲልስ ይባላል። በ1989 ማይክል ቲማን፣ ዴቪድ ሄንከል ዋላስና ጆን ጊልሞር ሲግነስ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ገቢያቸው በእሱ ላይ ከሚሰጡት ሙያዊ ድጋፍ ነበር።

በዚያ ድርጅት ይሠራ የነበረው ስቲቭ ቻምበርሌን በ1995 አንድ ነገር ልብ አለ። ዊንዶውስ ኤንቲና ዊንዶውስ 95 ኮምፓይለር የሚያወጣቸውን ቁርጥራጭ ፋይሎች የሚያስቀምጡት ኮፍ በተባለ አሠራር ነው። ያ አሠራር ከዩኒክስ የመጣ ስለሆነ የግኑ መሣሪያዎች አስቀድመው ያውቁታል። ሁለቱ ዓለማት ይህን ያህል የተራራቁ አልነበሩም። ከዚያ ማስተዋል ሲግዊን የተባለው ሥራ ተወለደ፤ ነፃው ኮምፓይለር በዊንዶውስ ላይ መሥራት ጀመረ።

አንድ ጉድለት ግን ነበር። ነፃው ሊንከር የትእዛዝ ቁርጥራጮችን ይጠርዛል፤ አር ሲ ፋይልን ግን አያውቅም። በእሱ የተሠራ ፕሮግራም ሜኑውንና መስኮቱን ሁሉ በኮድ መካከል መጻፍ ነበረበት፤ አይከን እንኳ አይኖረውም። ወደ ቀድሞው፣ ቃል ከትእዛዝ ጋር ወደ ተቀላቀለበት ዘመን መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሲግነሱ ኢያን ላንስ ቴይለር ይህን ጉድለት የሞላ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙም ዊንድሬስ ነው።

ዊንድሬስ የሚሠራውን ቀስ ብዬ ልግለጸው፤ ውበቱ ያለው በቀላልነቱ ነው። አር ሲ ፋይሉን ይቀበልና መጀመሪያ በሲ ኮምፓይለሩ ቅድመ አንባቢ ያሳልፈዋል፤ በዚህ ምክንያት «ያረፉ» የሚለው ቁልፍ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ኮዱና ሪሶርሱ ከአንድ ፋይል ያነቡታል፣ አይጋጩም። ቀጥሎ ጽሑፉን ተንትኖ ያንን ባለ ሦስት ደረጃ ዛፍ ያበጃል። በመጨረሻም ዛፉን ልክ ኮምፓይለሩ እንደሚያወጣቸው ቁርጥራጮች በኮፍ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ከዚህ በኋላ ሊንከሩ ልዩነት አያይም። ትእዛዝ የያዘው ቁርጥራጭና ቃል የያዘው ቁርጥራጭ በእኩል ዓይን ታይተው አንድ ላይ ይሰፋሉ። መጽሐፍ ጠራዥ አንዱ ጥራዝ ሥዕል፣ ሌላው ጸሎት ቢይዝ ክሩንና መርፌውን አይለውጥም።

በ1998 ኮሊን ፒተርስ ሚንግደብሊው የተባለውን ጥቅል ለሕዝብ አወጣ። በሲግዊን የተሠራ ፕሮግራም የሲግዊንን ቤተ መጻሕፍት አብሮ መያዝ ነበረበት፤ በሚንግደብሊው የተሠራው ግን በማንኛውም ዊንዶውስ ላይ ብቻውን ይነሣል። ዊንድሬስም አብሮት ተጓዘ። ኋላ ካይ ቲትስ የዊንድሬስን ኮድ እንደገና ጽፎ አጠናከረው። ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራም እንዲነሣ የሚደክሙት የዋይን ሰዎችም በበኩላቸው ቤርቶ ስቱልቲየንስ የጻፈውን የራሳቸውን ሪሶርስ ኮምፓይለር ይዘው መጡ። የሚገርመኝ ነገር እነዚህ ሰዎች ምናልባት የማይጠቀሙበትን የሌላ ሰው ሥርዓት ፈትሸው፣ ባይት በባይት ተረድተው፣ ለማያውቁት ሰው በነፃ ማስቀመጣቸው ነው። ያ የማያውቁት ሰው እኔ ነበርኩ።

እኔ ጋ የደረሰው በሲዲ ነው። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ትልቅ ፋይል የሚዘዋወረው ከእጅ ወደ እጅ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ በሲዲ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ በሆዱ ሚንግደብሊውንና ዊንድሬስን ይዟል። የፈቃድ ቁጥር አይጠይቅም፣ ጊዜው አያልፍም። የተሰረቀ ሶፍትዌር ሳልጠቀም ፕሮግራም ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለዕድር የሚሆን ነገር ነውና ንጹሕ መሆኑ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ የሠራሁት ሪሶርስ አይከን ነው። በ32 በ32 ነጥብ፣ አንድ ሺህ ሃያ አራት ትንንሽ ካሬዎችን አንድ በአንድ እየቀባሁ የጡሩምባ ሥዕል ሠራሁ፤ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ሌሊት ለቀብር የሚጠሩበትን። አር ሲ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ዊንድሬስን ጠራሁ፣ ጠረዝኩት። ባዶ መስኮት ይመስል የነበረው ፋይል በዴስክቶፑ ላይ ጡሩምባ ይዞ ተቀመጠ። አባቴ ኮምፒውተር ሳይለምዱ በፊት ያወቁት እሱን ነው። «ጡሩምባውን ክፈቺልኝ» ይሉኝ ነበር።

ቃላቱ ግን ቀላል አልነበሩም፤ ይህም የፊደላችን ታሪክ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ እንዲህ ያለ ፎንት ቢበዛ ከ256 ቦታ አያልፍም፤ ከዚያም ሁሉም ለጥቅም አይውልም። የእኛ ፊደል ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚያ ስለሚተርፍ ፎንቱን ለሁለትና ከዚያ በላይ መክፈል የተለመደ ነበር። በጽሑፍ ማቀናበሪያ ላይ ይህ ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ በየፊደሉ ፎንት እየለዋወጠ ይጽፋል። በሪሶርስ ፋይል ውስጥ ግን ለአንድ መስኮት የሚፈቀደው አንድ ፎንት ብቻ ነው። ፊደሎቿ በሁለት ፎንት የተከፈሉ ቃል በዚያ መስኮት ልትጻፍ አትችልም። ሜኑው ደግሞ የሚጻፈው በሥርዓቱ በራሱ ፎንት ስለሆነ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የዚያ ዘመን የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን አንድ በአንድ በኮድ ሊሥሉት ይገደዱ ነበር። የደከሙት ድካም ክብር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሀ ቁጥሩ 1200 ሆነ። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ለዲቃላው፤ ዲቃላ የሌለው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ሀ 1200 ከሆነ ለ 1208 ነው፣ ሐ 1210። ይህን ሥርዓት የተማረ ሰው ፊደል ገበታውን በቁጥር ማንበብ ይችላል።

እኔም ማንበብ ለመድኩ። በእጄ ያለው የፕሮግራም መጻፊያ የግዕዝን ፊደል መቀበል ስላልቻለ ቃላቱን ወደ አር ሲ ፋይሉ ያስገባሁት በቁጥራቸው ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከታች በኩል የሚታየው የመጀመሪያ ቃል «ጀመረ» ነበር፤ 1300፣ 1218፣ 1228 ብዬ ጻፍኩት። ከላይ ቋንቋው 94 መሆኑን የሚናገር መስመር አኖርኩ። ጠርዤ ስከፍተው ያ ቃል በስክሪኑ ግርጌ በፊደላችን ቁጭ ብሎ አየሁት። እናቴን ከጓዳ ጠርቼ አስነበብኳት።

ደስታዬን የሚፈትን ነገር ወዲያው መጣ። ፕሮግራሙን በዕድሩ ሊቀመንበር ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ስንጭነው ቃላቱ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ። ማሽኑ ዊንዶውስ 98 ነበር። ሪሶርሱ ውስጥ ያለው ዩኒኮድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዊንዶውስ 98 ቃሉን ለማሳየት ወደ አሮጌው የ256 ቦታ አቆጣጠር ይመልሰዋል፤ በዚያ የእኛ ፊደል ቦታ የለውም። ሥርዓቱን ወደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከቀየርን በኋላ መስኮቶቹ ተስተካከሉ፤ ሜኑው ግን ባዶ ሳጥን ደርድሮ ቀረ። የዴስክቶፑን ማስተካከያ ከፍተን የሜኑውን ፎንት በግዕዝ ዩኒኮድ ፎንት ስንተካው እሱም ተነበበ።

ቀጥሎ የልክ ችግር መጣ። በሪሶርስ ፋይል ውስጥ የቁልፍ ስፋት የሚለካው በነጥብ አይደለም፤ በፎንቱ የላቲን ፊደላት አማካይ ስፋት ነው። የላቲን ፊደል ቀጭን ነው፣ የእኛ ሰፋ ይላል። «መዋጮ መቀበያ» ብዬ የጻፍኩት ቁልፍ «መዋጮ መቀ» ላይ ተቆረጠ። መስኮቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አሰፋኋቸው። በሜኑ ቃል ውስጥ አንድ ፊደል አስምሮ በኪቦርድ መጥሪያ የማድረጉም ዘዴ ለእኛ አልሆነም፤ የእኛ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ያስመታል። ስለዚህ በአቋራጭ ቁልፎቹ ዝርዝር ላይ ኤፍ 2ን ለመመዝገቢያ፣ ኤፍ 3ን ለመዋጮ መደብኩ። ይህ ሁሉ የተደረገው በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ነው። ሒሳቡ የሚሠራበት ኮድ አንድ መስመር አልተነካም።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። በ1995 ኡልሪክ ድሬፐር የደከመበት የግኑ ጌትቴክስት ቃሉን ቁጥር አይሰጠውም፤ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ቁልፍ ሆኖ ትርጉሙ ከፕሮግራሙ ውጭ በሌላ ፋይል ይኖራል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሊኑክሱን የግኖም ዴስክቶፕ ወደ አማርኛ የመለሱት በዚህ መንገድ ነው። ኪውት የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል በአራተኛ እትሙ በ2005፣ ጂሊብ የተባለው ደግሞ በ2.32 እትሙ በ2012 ሥዕሉንና የመስኮቱን ንድፍ ከፕሮግራሙ ጋር የሚጠርዝ የየራሳቸውን መሣሪያ አቀረቡ። መንገዱ ይለያያል፤ ሁሉም ግን የሚያኖሩት ያንኑ ለስም የተተወ ቦታ ነው።

የእኔ ፕሮግራም ዓመታትን ሠራ። በ2004 ዓ.ም. ግን የቤቴ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሞተ፤ ሶርስ ኮዱ አብሮ ሄደ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር። የቀረው በዕድሩ ማሽን ላይ ያለው የተጠረዘው ፕሮግራም ብቻ ነው። አዲሱ ጸሐፊ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ፕሮግራሙ የደረሰኝ ማተሚያ እንዲጨመርለት ሲጠይቀኝ የማሻሽለው ነገር በእጄ አልነበረም። የተጠረዘ ፕሮግራም ወደ ጻፍኩት ኮድ አይመለስም፤ ኮምፓይለሩ የተለዋዋጮቹን ስም፣ ማስታወሻዬን፣ አካሄዴን ሁሉ ወደ ማሽን ትእዛዝ አቅልጦታል።

ያን ጊዜ ዊንድሬስ በሌላ አቅጣጫም እንደሚሠራ ትዝ አለኝ። ጽሑፍ ተቀብሎ ጥራዝ እንደሚያወጣ ሁሉ የተጠረዘ ፕሮግራም ተቀብሎ ሪሶርሱን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል። ፕሮግራሙን ሰጠሁት። ሜኑው፣ መስኮቶቹ ከነስፋታቸው፣ የቃላቱ ሠንጠረዥ ከነተራ ቁጥሩ ተዘርግፈው ወጡ። ፊደሎቹ አሁንም በቁጥር ነበሩ፤ እኔ ግን ቁጥር አንባቢ ሆኛለሁ። 1300፣ 1218፣ 1228ን ሳይ ወደ ፊደል ሳልመልሰው «ጀመረ» ብዬ አነበብኩት። ወደ ታች ስወርድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል አገኘሁ፤ መካከሏ 1228፣ መጨረሻዋ 1349። ረ፣ ፉ። ፊተኛዋን ማየት አላስፈለገኝም።

ኮዱን ከመጀመሪያው እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቃላቱን ግን አልጻፍኳቸውም። አባቴ እንዳሉት፣ በየተራ ቁጥራቸው፣ ወደ አዲሱ ጥራዝ እንዳሉ ገቡ።